ፀሐይ መሶብ፣ ምድር አተር

«ልጄ ጥር መጨረሻ ላይ ሰባት ዓመት ይሞላዋል። ከመስከረም ጀምሮ ከአፉ የማይጠፋው ወሬ ጠፈር ነው። ‹ልደቴ የጠፈር ይሁንልኝ› አለኝ፤ እሺ አልኩት። አንድ ዲኮር ሠሪ ጠየቅኩ። ፊኛው፣ ባነሩ፣ የመንኩራኩሩ ቅርጽ፣ ሁሉም ተደምሮ 40 ሺህ ብር አለኝ። ባለቤቴ ‹እኛ በድፎ ዳቦና በፈንዲሻ አይደል ያደግነው? አብደሻል?› ይላል። አማቴ ደግሞ ‹እናንተ በሰማይ ምን ጉዳይ አላችሁ?› ብለው አኩርፈዋል። የክፍሉ ልጆች ሆቴል ነው የሚያከብሩት። እኛ የምንኖረው ከሌሎች ሁለት ቤተሰቦች ጋር በምንጋራው ግቢ ነው። 18 ልጅ ጠርቻለሁ። ምን ይሻለኛል?»
ግራ የገባት እናት፣ ከአራት ኪሎ

እህቴ፣ ቀብድ ካልከፈልሽ እሰየው። ከከፈልሽም ዛሬውኑ ደውለሽ ለማስመለስ ሞክሪ።

አላበድሽም። ልጁ የጠየቀሽ ነገር ደስ ይላል፤ እሺ ማለትሽም ደግ አደረግሽ። የተሳሳትሽው ጠፈርን በኪራይ ለማምጣት ስትነሺ ነው። ሰማዩ እኮ ከግቢሽ በላይ ተዘርግቷል። ያውም በጥር፣ ደመና በማይበዛበት ወር።

ይህን የምልሽ ተቃጥዬ ነው። የዛሬ ስድስት ዓመት ለልጄ ልደት ጣሪያ ላይ ኮከብ የሚያበራ ማሽን ተከራየሁ። አከራዩ 8 ሰዓት እመጣለሁ ብሎ አመሻሽ ላይ ደረሰ። ሰካነው። ጣሪያው አረንጓዴ ነጠብጣብ ሆነ፤ ልጆቹ ጮቤ ረገጡ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ድርግም! የሰፈሩ መብራት ሁሉ ሄደ። ግማሹ ልጅ ጮኸ፣ ግማሹ አለቀሰ፣ እኔ ሻማ ፍለጋ ጓዳ ገባሁ። ስመለስ ቤቱ ባዶ ነው። ለካ የግቢያችን ጥበቃ ሰብስበው ይዘዋቸው ወጥተዋል። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ወደ ሰማይ ቀስረው፣ «እቺ ከዚያ ጋራ በላይ ስትወጣ እኛ አገር ከብቱ ገብቶ አልቋል ማለት ነው» ይላሉ። አሥራ አራት ልጅ አንገቱን አስግጎ ዱላውን ይከተላል። ትንፍሽ የሚል የለም። ልጄ ያንን ልደት ስታነሳ የምታወራው ስለ ዱላው ነው። የማሽኑን ኪራይ ግን ሙሉውን ከፈልኩ።

ስለዚህ ዕቅዳችን ቀላል ነው። ቀኑን በጨዋታ፣ ማታውን በሰማይ። ልደቱን እንደ ወትሮው 8 ሰዓት ላይ አትጀምሪ። 10 ሰዓት ይጀመርና ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ይለቅ። ለወላጆቹ ቀድመሽ ንገሪያቸው። «1 ሰዓት ላይ ኑ፣ ቡና አለ፣ ለልጆቹም ጃኬት ያዙ» በያቸው። የጥር ማታ ብርድ መቼም ታውቂዋለሽ።

አሁን ወደ ሻማው። ሰባት ዓመት ሞላው ማለት ልጅሽ ምድር ላይ ተሳፍሮ ፀሐይን ሰባት ጊዜ ዞረ ማለት ነው። አንዱ ዙር ወደ 940 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ነው። ሰባቱ ሲደመር ከ6 ቢሊዮን ተኩል ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ያለ ትኬት፣ ያለ ወረፋ። ይህን ነገር በዓይን አሳዪው። መሐል ላይ ትልቅ ፋኖስ ወይም መብራት አስቀምጪ፤ እሷ ፀሐይ ናት። ልጁ ብርቱካን ይያዝና ዙሪያዋን ይዙር። አንድ ዙር በጨረሰ ቁጥር አንድ ሰው ስለዚያ ዓመት ይናገር። የመጀመሪያውን አባቱ ይናገር፤ ምጥሽ የመጣ ለት ታክሲ ፍለጋ የሮጠውን ሩጫ ያውራ። ሁለተኛውን አማትሽ፤ መቼም መጀመሪያ የተራመደበትን ቀን አያት አትረሳም። ሌላውን ጎረቤት፣ አጎት፣ የመዋዕለ ሕፃናት ጓደኛው። ሰባተኛው ሲሞላ ሻማው ይለኮስ፣ ዘፈኑ ይዘፈን፣ ኬኩ ይቆረስ። አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ብዙ ልደት ላይ ኬክ የሚቆረሰው ለፎቶ ነው። እዚህ ግን ልጁ ለምን እንደሚቆረስ ያውቃል።

ደግሞ የሚያስቅ ነገር ልጨምርልሽ። ዕድሜ እንደምትኖሪበት ፕላኔት ይለያያል። ሜርኩሪ ፀሐይን በ88 ቀን ስለምትዞር ልጅሽ እዚያ ቢሆን 29 ዓመቱ ነበር። ዘመድ «አታገባም ወይ?» እያለ የሚጨቀጭቅበት ዕድሜ ማለት ነው። የማርስ አንድ ዓመት 687 የኛ ቀን ነው፤ ስለዚህ ማርስ ላይ ገና አራት አልሞላውም። ጁፒተር አንዱን ዙር ለመጨረስ 12 ዓመት ገደማ ይፈጅባታል፤ እዚያማ የመጀመሪያ ልደቱም አልደረሰም፣ ገና እቅፍ ውስጥ ነው። ይህን በካርቶን ላይ በራሱ እጅ ይጻፈውና በር ላይ ይለጠፍ። እንግዶቹ ሲገቡ የየራሳቸውን ዕድሜ ያሰሉ። የአማትሽን የሜርኩሪ ዕድሜ ሲያሰሉ ሳቁን አስቢው።

አሁን ወደ መሶቡ እንምጣ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ወጪውም ባዶ ነው። ፀሐይ ከዳር እስከ ዳር ስትለካ ከምድር 109 እጥፍ ትበልጣለች። ምድር አንዲት አተር ብትሆን ፀሐይ መካከለኛ መሶብ ታክላለች። መሶቡን ግቢው በር ላይ አስቀምጡትና ልጆቹን «አተሯን የት እናስቀምጣት?» ብለሽ ጠይቂ። አንዱ አጠገቡ ይላል፣ ሌላው ሁለት እርምጃ ይርቃል። ትክክለኛው ቦታ 70 ሜትር ላይ ነው። በሰባት ዓመት ልጅ እርምጃ 140 ያህል። ግቢው አይበቃም፤ በሩን ከፍታችሁ፣ መኪና የሚያይ ትልቅ ሰው ከፊትና ከኋላ አድርጋችሁ፣ በእግረኛው መንገድ ጮክ ብላችሁ እየቆጠራችሁ ሂዱ። ሰው ቆሞ ያያችኋል። ይየው። እዚያ ደርሳችሁ ወደ ኋላ ስትዞሩ መሶቡ ምን ያህል እንዳነሰ ልጆቹ ራሳቸው ያዩታል። ፀሐይ ከዚህ ትንሽ መስላ የምትታየው ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግሽም።

ከዚያ ጨረቃን አምጪ። አንዲት የጎመን ዘር ትበቃለች። ከአተሯ የምትርቀው አንድ ስንዝር ያህል ነው። ስንዝሩን በልጅሽ እጅ ሳይሆን በአባቱ እጅ ለኩት፤ የልጅ ስንዝር ያንሳል። ሐምሌ 13 ቀን 1961 ዓ.ም. ጨረቃ ላይ ያረፉት ሰዎች ያቺን ስንዝር ለማቋረጥ አራት ቀን ፈጅቶባቸዋል። ከጨረቃ ሌላ የሰው እግር የረገጠው ሰማያዊ አካል እስካሁን የለም። ጁፒተርን ብርቱካን አድርጓት፤ ቦታዋ ግን ከመሶቡ ከ350 ሜትር በላይ ነው። ኔፕቱን ደግሞ ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ከአራት ኪሎ ብትነሱ ስድስት ኪሎን አልፋችሁ ወደ ሽሮ ሜዳ እየሄዳችሁ ነው ማለት ነው። እዚያ ድረስ አትሂዱ፤ በጣትሽ አቅጣጫውን አሳዪያቸውና ተመለሱ።

ሌላ ደግሞ ዲኮር ሠሪው የማይነግርሽ ነገር። ድንቅነሽ ጠፈር ላይ አለች። ቀልዴን አይደለም። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ናሳ አንድ መንኩራኩር አመጠቀ፤ ስሟ ሉሲ ነው፤ በ1967 ዓ.ም. ሐዳር ላይ በተገኘችው በእኛዋ ሉሲ የተሰየመች። ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በማርስና በጁፒተር መካከል ካሉት አለቶች በአንዱ አጠገብ አለፈች። የአለቱ ስም ድንቅነሽ ነው። ስፋቱ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ፎቶው ሲመጣ ግን ሳይንቲስቶቹን ያስደነቀ ነገር ታየ። ድንቅነሽ ብቻዋን አይደለችም፤ የምትዞራት ትንሽ ጨረቃ አለቻት። እሷም አንድ ድንጋይ ሳትሆን ተጣብቀው የሚዞሩ ሁለት ድንጋዮች ናት። ስሟን ሰላም አሏት። ሰላም ማለት በ1993 ዓ.ም. በዶክተር ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራው ቡድን ዲኪካ ላይ ያገኛት፣ ሦስት ዓመት ገደማ የሆናት ሕፃን ቅሪተ አካል ናት። አየሽ፣ እናንተ ሰፈር ልጆች ሲጫወቱ የሚጠራሩባቸው ስሞች ማርስን አልፈው ተቀምጠዋል።

ለዚህ ነው ያንን ባለ ባዕድ ፊደል ባነር አትግዢ የምልሽ። በግድግዳው ላይ «ወደ ድንቅነሽ እንብረር» ተብሎ በትልቁ ይጻፍ። የልጁ ተልእኮ ይህ ይሁን። ከልደቱ በፊት ባለው ሳምንት እሱንና ሁለት የቅርብ ጓደኞቹን ይዘሽ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ውሰጃቸው። ከእናንተ ሰፈር በእግር ነው። ድንቅነሽን ዓይተው የመጡ ልጆች ለሌሎቹ አስጎብኚ ይሆኑልሻል። እዚያው አራት ኪሎ አጠገብ ያለውን የሳይንስ ሙዚየምም ማሰብ ትችያለሽ፤ ስለ ሰዓቱ ግን ቀድመሽ ጠይቂ። አሥራ ስምንቱንም ይዘሽ እንዳትሄጂ ብቻ። እኔ አሥራ አንድ ይዤ ሞክሬ አንዱ ጫማው ጠፍቶበት ተመልሰናል።

ጌጡን በሁለት ዓረፍተ ነገር ልጨርሰው። የገና መብራታችሁን ገና ካልከተታችሁት ጥቁር ጨርቅ ላይ ዘርጉት፣ ኮከቡ አለቀ። ቀሪው ፎይል፣ ካርቶን፣ ማጣበቂያና ልጅሽን ያካተተ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ከካርቶኑ ሳተላይት ይሥራ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው የመጀመሪያዋ ሳተላይታችን 70 ኪሎ ገደማ ነበረች፤ ባለቤትሽ ከዚያ የሚከብድ ከሆነ ይህን ንገሪው።

ጨዋታ ላይ ደግሞ አታካብጂ። ሰኞ ማክሰኞ የማይጫወት ልጅ የለም። ግቢው ላይ በጠመኔ ስምንት ቤት ሥሪና በቀን ስም ፈንታ ሜርኩሪ፣ ቬነስ፣ ምድር፣ ማርስ፣ ጁፒተር፣ ሳተርን፣ ዩራነስ፣ ኔፕቱን ብለሽ ጻፊባቸው። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ቅደም ተከተሉን በቃሉ ያልያዘ ልጅ ከተገኘ እኔን ውቀሺ። ሁለተኛው የፊኛ ሮኬት ነው። ሲባጎውን ከአንድ ምሰሶ ወደ ሌላው ወጥሪ፤ ከመወጠርሽ በፊት ስትሮ አስገቢበት። ፊኛውን ነፍተሽ ሳታስሪ ስትሮው ላይ በፕላስተር ለጥፊና ልቀቂ። አየሩ ወደ ኋላ ሲወጣ ፊኛው ወደ ፊት ይተኮሳል። ትልቁም ሮኬት የሚሄደው በዚሁ መላ ነው። ሁለት ሲባጎ ካለሽ ውድድር ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ አንቺን የሚፈልግሽ የለም። ከተረፈሽ ጊዜ በሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ አቼቶ፣ በፊኛው ውስጥ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪና ፊኛውን አፉ ላይ አልብሺው። ሶዳው ሲወርድ ፊኛው በራሱ ይነፋል። የጠርሙሱን ክዳን ግን በፍጹም አትክደኚ፤ ይፈነዳል።

የቤት ሚዛን ካለሽ እሱንም አውጪው። የጨረቃ ስበት ከምድር አንድ ስድስተኛ ነው። 24 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ጨረቃ ላይ ሚዛን ቢወጣ 4 ኪሎ ነው የሚያነበው፤ እንደ ጨቅላ። የየራሳቸውን ያካፍሉ።

ምግቡ ላይ ባለቤትሽ አሸንፏል። ድፎ ዳቦው ይጋገር። ኮባው ሲነሳ ጀርባው ላይ የሚቀረውን መስመርና ስንጥቅ ዓይተሽው ታውቂያለሽ? ከዚያ የበለጠ ጨረቃ የሚመስል ኬክ ማንም ኬክ ቤት አይሠራልሽም። ልጁ ሲቆርሰው ትንሽ ባንዲራ ይትከልበት። ቦምቦሊኖ የሳተርን ቀለበት፣ ፈንዲሻ ኮከብ፤ ሌላ ስም አትፈልጊ። ሳምቡሳ ከሠራሽ የምስር አድርጊው። ግቢውም ክፍሉም የክርስቲያንና የሙስሊም ልጅ ተቀላቅሎ ስለሚመጣ በሥጋ ምክንያት አንዱ እያየ ሌላው እንዳይበላ። ኬክ ከፈለግሽ ትንሽዬ ትበቃለች። እና 18 ጠርተሽ 18 ይመጣሉ ብለሽ አታስቢ። የግቢ ልጅ ሳይጠራ ነው የሚመጣው፤ ለ25 አስቢ።

አማትሽን አትቀየሚያቸው። ኮከብ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣባቸው ኮከብ ቆጣሪው ሳይሆን አይቀርም። እሱ ሌላ፣ ይህ ሌላ። የፋሲካን ቀን የሚያወጣው ባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ እያለ ጨረቃን ተከትሎ አይደል የሚቆጥረው? የረመዳን ጾምስ በጨረቃ አይደል የሚገባውና የሚወጣው? ይህን አንቺ አታስረጃቸው፣ ያስተምሩሽ። ከልደቱ በፊት ባለው እሑድ ቡና አፍልተሽ «እማዬ፣ ልጅ እያላችሁ ሰዓቱን በምን ታውቁ ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸው። የሚሉትን አድምጪና «ይህንኑ ለልጆቹ ይንገሩልኝ» በያቸው። ኩርፊያ ሥራ ሲሰጡት ይለቃል።

የሆቴሉን ነገር ልጅሽ ሲያነሳው ሰምተሻል? ደብዳቤሽ ውስጥ ያነሳሽው አንቺ ነሽ፣ እሱ አይደለም። እኔ እናቶችን ሳይ የምታዘበው፣ ልጆቹ በማያስታውሱት ጠረጴዛ ነው የምንፎካከረው። ከዚህ በላይ አልመክርሽም፤ ራሴም አልዳንኩበትም።

ጥቂት ጥንቃቄ። ፊኛ በጋዝ የምታስነፊ ከሆነ ሂሊየም መሆኑን አረጋግጪ። ሃይድሮጅን ከሆነ ሻማ አጠገብ ሲደርስ ይቀጣጠላል። ካላረጋገጥሽ በአፍሽ ንፊው። የፈነዳ ፊኛ ቁራጭ ቶሎ ይለቀም፤ የታናናሾቹ ጉሮሮ ውስጥ ይቀረቀራል። ፀሐይን በባይኖኩላርም በባዶ ዓይንም ትክ ብሎ ማየት ክልክል ነው፤ ይህን መሶቡ ጋ እንደቆማችሁ ንገሪያቸው። ርችት የሚባል ነገር ግቢው ውስጥ አይግባ።

እንግዲህ መሸ። 1 ሰዓት ከሩብ አካባቢ የግቢውን መብራት በሙሉ አጥፉ። ጎረቤቶችሽን ቀድመሽ ለምኛቸው፤ ለሩብ ሰዓት ነው። መብራት በራሱ ከሄደ ደግሞ ምስጋና ነው፣ አትደንግጪ። ሰሌን አንጥፉና ልጆቹ በጀርባቸው ይተኙ። ዓይን ጨለማ እስኪለምድ አሥር ደቂቃ ያህል ይፈልጋል፤ ስልክ የከፈተ ትልቅ ሰው ካለ ልጆቹ ራሳቸው ይጩኹበት። የዋናው ጎዳና መብራት ሰማዩን ትንሽ ያደበዝዘዋል። ግን በጥር መጨረሻ በምሥራቅ በኩል ከፍ ብለው ሦስት ኮከቦች በአንድ መስመር ተሰልፈው ታያለሽ። ከአዲስ አበባም አይጠፉም። የኦሪዮን መቀነት ናቸው። ከመቀነቱ በአንዱ ጎን ቀላ ያለ ደማቅ ኮከብ አለ፣ ቢትልጁስ። በሌላው ጎን ነጭ ሰማያዊ የሚመስል፣ ራይጀል።

እዚህ ላይ ቡና የምታፈላው ሰው ታስፈልግሻለች። ምድጃው ሰሌኑ አጠገብ ይሁን። ልጆቹ ከሰሉን ይዩት፤ ሲደክም ደብዘዝ ብሎ ይቀላል፣ ሲያራግቡት ወደ ቢጫና ወደ ነጭ ይሄዳል። ኮከብም እንዲሁ ነው። ቀዩ ቀዝቀዝ ያለው ነው፤ ሰማያዊ ነጩ በጣም የጋለው። አንድ ጊዜ ምድጃውን፣ አንድ ጊዜ ሰማዩን እያዩ ይለዩት። ጨረቃ ካለች ደግሞ ግማሽ የሆነችበት ማታ ከሙሉዋ ይሻላል። ብርሃኑና ጨለማው በሚገናኙበት መስመር ላይ ጉድጓዶቹ ጥላ ስለሚጥሉ በተራ ባይኖኩላር እንኳ ይታያሉ። ቀኑን ከመወሰንሽ በፊት ካላንደር እዪ።

የግቢያችሁ ጥበቃ ካሉ ቀድመሽ አናግሪያቸው። ስለ ኮከብ የሚያውቁት ነገር አይጠፋም። ድፎ ዳቦና ቦምቦሊኖ አስቀምጪላቸው፤ ልጅ ከጀመረ አይተርፍም።

ደግሞ አተር በርከት አድርገሽ ያዢ። አንዷን አንዱ ይጥላታል፣ ሌላዋን ሌላው ይበላታል። እኛ ያን ጊዜ 140ኛው እርምጃ ላይ ስንደርስ ምድር አልነበረችም።